ሰላም የምትባል ጨረቃ

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ ለሰላም፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በቤተሰባችን ግሩፕ ላይ የለጠፍሽው ፎቶ፣ ያ ጎርፍ በዋጠው አውራ ጎዳና ላይ ከመኪና ጎን የሚዋኘው ሻርክ፣ እማዬን እንቅልፍ እንደነሳት ሰማሁ። ከሥሩም «አንተ እዚያ ነህ፣ እውነት ነው እንዴ?» ብለሽ ጽፈሻል። ይሄ «እዚያ» የምትዪው ቦታ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ከሥራ ስገባ አልጋዬ ላይ ጋደም እልና አንቺ የምታዪውን ያንኑ ስልክ አያለሁ። ባሕር ተሻገርኩ ብዬ ዓለም በመስኮቴ ሥር አያልፍልኝም። እንዲያውም ሻርኩን መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ እኔም አምኜ ለሥራ ባልደረባዬ አሳየሁትና ሳቀብኝ።

ነገሩን ግን ተከታተልኩት። ሻርኩ ራሱ እውነተኛ ነው፤ ውሸቱ ጎዳናው ላይ መሆኑ ነው። ቶማስ ፔሻክ የሚባል ፎቶ አንሺ በ2003 በደቡብ አፍሪካ ባሕር ላይ ያነሳው ነው፤ በዋናው ፎቶ ላይ ሻርኩ የሚከተለው አንድ ሰው የሚቀዝፋትን ትንሽ ጀልባ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፤ መቀነሱን ለአባዬ ተዪለት።) በ2011 አይሪን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲነሳ አንዱ ቀልደኛ ሻርኩን ቆርጦ ጎርፍ ላይ ለጠፈውና «ፖርቶ ሪኮ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ያው ሻርክ የከተማውን ስም ቀይሮ ይመጣል። በ2022 ደግሞ በፍሎሪዳ፣ ፎርት ማየርስ ላይ፣ ኢያን በተባለው አውሎ ነፋስ ጊዜ፣ ውኃ በሞላው ግቢ ውስጥ ሻርክ የሚመስል ዓሣ ሲንቦጫረቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ማን ይመን? «ጅብ መጣ» እያለ ሰው ሲያታልል የኖረው እረኛ ነገር ሆነ። አሶሼትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል ግን አጣርቶ ቪዲዮው እውነተኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ አንዳንድ ባለሙያዎችም ወጣት ሻርክ ሳይሆን አይቀርም አሉ። አሥራ አንድ ዓመት የተዋሸ ነገር በመጨረሻ ሆኖ አረፈው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በዚህ አትስቂ፣ ስምሽ ሰማይ ላይ ነው።

የናሳዋ፣ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ማለቴ ነው፣ መንኮራኩር ስሟ ሉሲ ነው፤ በ1974 ሐዳር ላይ በተገኘችው ቅሪተ አካል፣ እኛ ድንቅነሽ በምንላት፣ የተሰየመች ናት። ኖቬምበር 1 ቀን 2023 በማርስና በጁፒተር መካከል በሚገኘው የድንጋዮች ቀበቶ ውስጥ አስትሮይድ ከሚባሉት ፀሐይን የሚዞሩ ድንጋዮች ከአንዲቱ በ430 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አለፈች። የአስትሮይዷም ስም ድንቅነሽ ነው። እንግዲህ ሉሲ ድንቅነሽን ልትጠይቅ ሄደች ማለት ነው፤ ራሷን በመስታወት እንደማየት። ድንቅነሽ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ጉዞው በዋናነት የታሰበውም መንኮራኩሯ በፍጥነት እያለፈች ዒላማዋን መከታተል መቻሏን ለመፈተሽ ነበር። ፎቶው ሲመጣ ግን ድንቅነሽ ብቻዋን አልነበረችም። የምትዞራት ትንሽ ጨረቃ አለቻት። ቀጥሎ የመጡት ፎቶዎች ደግሞ ጨረቃዋ ራሷ እያንዳንዳቸው 220 ሜትር ያህል የሆኑ ሁለት ድንጋዮች ተጣብቀው የሠሯት መሆኗን አሳዩ። እንዲህ ያለ ጥንድ ሌላ አስትሮይድን ሲዞር ሲታይ የመጀመሪያው ነው።

ስሟንም ሰላም አሏት።

በአንቺ አይደለም፣ አትኩሪ። በ2000 አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ በተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ቅሪተ አካሏ በተገኘው ሕፃን ነው። ሰዎች «የሉሲ ልጅ» ይሏታል፤ ዕድሜዋ ግን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ስለሆነ ከሉሲ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ትቀድማለች። ልጂቱ እናቷን በዕድሜ በለጠቻት! አንቺም በእኔ ላይ ታላቅነት የሚቃጣሽ ለካ ከስምሽ ነው።

ይህን ሳነብ በደስታ ያንኑ ባልደረባዬን ጠርቼ «እህቴ የስም ሞክሼዋ ጨረቃ ናት» አልኩት። በሻርኩ እንደሳቀው ሳቀ። የናሳን ገጽ ከፍቼ እስካሳየው ድረስ አላመነኝም። አልፈርድበትም።

ቀጣዩን ለአባዬ አንብቢለት፣ አሮጌ ዕቃ አይጣልም ሲል ለምትስቁበት። ቮያጀር 1 የምትባለው መንኮራኩር ከምድር የወጣችው በ1977 ነው፤ የሰው እጅ ከሠራው ሁሉ እንደ እሷ የራቀ የለም። በኖቬምበር 2023 መቀባዠር ጀመረች፤ ድምፁ ይመጣል፣ ቃል ግን የለውም። ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ስለነበር ከምድር የተላከ ትእዛዝ እስኪደርሳት 22 ሰዓት ተኩል፣ መልሷ እስኪመጣም ያንኑ ያህል ይፈጅ ነበር። «ሃሎ፣ ይሰማል?» ብለሽ ሁለት ቀን ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ጆሮሽን ደቅነሽ ጠብቂ። መሐንዲሶቹ ከወራት በኋላ ያገኙት አንዲት ቺፕ መበላሸቷን ነው። ሄዶ የሚቀይራት የለም። ቺፗ ላይ የነበረውን ኮድ ሙሉ በሙሉ የሚይዝ ባዶ ቦታ በማስታወሻዋ ውስጥ ስላልተገኘ ቆራርጠው እዚህም እዚያም ሸጎጡት። ኤፕሪል 20 ቀን 2024 መልስ መጣ። ከአምስት ወር ዝምታ በኋላ መጀመሪያ የላከችው ስለ ራሷ ጤንነት ነበር፤ ልክ እንደ ደብዳቤ አጀማመራችን።

ስለ ኢንተርኔት ካሜራ፣ «የተሠራው ለስለላ ነው እንዴ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን ባጭሩ ልመልስልሽ። የመጀመሪያው የተሠራው ለስለላ ሳይሆን ለስንፍና ነው። በ1991 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሰዎች ደረጃ ወርደው ባዶ የቡና ማሽን እንዳይጠብቃቸው ካሜራ ደቀኑበት። በ1993 ወደ ኢንተርኔት ሲገባ የዓለም ሰው ሁሉ የማያውቃቸውን ሰዎች ቡና ማየት ያዘ፤ እስከ 2001 ድረስ። ምን ፈልገው እንደሆነ እንጃ፣ ግን እኔም ብሆን አያለሁ።

ሉሲ አሁንም በመንገድ ላይ ናት፤ በ2027 ከጁፒተር ጋር ወደሚጓዙት አስትሮይዶች ትደርሳለች። የዚያን ጊዜ ፎቶውን መጀመሪያ ግሩፑ ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ፣ እንዳትቀድሚኝ።

ለእማዬ የሻርኩን ነገር አንቺ ንገሪያት። እኔ ብነግራት «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ሩቅ ሆነህ» ትለኛለች።

ናፋቂ ወንድምሽ