ወደ ደጅ ላወጣችሁኝ ሁሉ

በጀሞ ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ጎረቤቶቼ፣ ለእድራችን አባላት፣ ለሐኪሞቼ፣ ለቤተሰቤ፣ በሩቅ ሆናችሁ ስትጸልዩልኝ ለከረማችሁ ወዳጆቼ፦ ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ በእግሬ እሄዳለሁ። ከዘራ ይዤ ነው፤ ግን እሄዳለሁ። ለዚህ ያበቃችሁኝ እናንተ ናችሁና በሰው ፊት ላመሰግናችሁ ወደድኩ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሰኔ ላይ ስትሮክ መታኝ። ግራ እጄና ግራ እግሬ አልታዘዝ አሉኝ። በዚያ ሌሊት መኪና ፍለጋ የተሯሯጣችሁ ጎረቤቶች፣ ቶሎ ሆስፒታል ባታደርሱኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። ሐኪሞቹም ደጋግመው የነገሩኝ ይህንኑ ነው። የእነሱም ውለታ ትልቅ ነው። እግዚአብሔር እጃቸውን ይባርክ። ከሆስፒታል መውጣትና መዳን ግን እንደሚለያዩ ያየሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። የማወራችሁም ስለዚህኛው ነው።

ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይህ ለበሽተኛ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ክረምቱን ሙሉ ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ ሆነ ኑሮዬ። መስኮቱ ዝግ፣ መጋረጃው የወረደ። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ዘመዶች «ኧረ ንፋስ እንዳይመታው» እያሉ በሩንም ይዘጉት ነበር። ከፍቅር ነው። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ይሸፈናል፤ ብርድም ምችም ይፈራለታል። እኔ ግን ቀንና ሌሊቱ ተደባለቀብኝ። ቀን ሳንቀላፋ እውልና ሌሊት ዓይኔ ፈጥጦ ያድራል። ምግብ አስጠላኝ። ሰው ሲመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመርኩ። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉን ድብርት እንደሚይዛቸው ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር።

ቤት ድረስ እየመጣሽ የምታሠሪኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ልጄ፣ ከሁሉም በፊት አንቺን አመሰግናለሁ። አንድ ቀን መጋረጃውን ገለጥ አደረግሽና «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ የእኔ እጅ ብቻውን አይበቃም። ደጅ መውጣት አለብዎት» አልሽኝ። ባለቤቴ ክው አለች። ወሩ ጥቅምት ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» እየተባለ ለጤነኛው እንኳ ቅልጥም የሚፈለግበት ብርድ ነው። አንቺ ግን ሳትቆጪ፣ ሳትንቂን አስረዳሽን። ብርዱ ሰበር ሲል፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ። ባለቤቴን ያሳመናት ትዕግሥትሽ ነው።

እናንተ የብሎካችን ወጣቶች ሆይ፣ ምን ልበላችሁ? አራት ሆናችሁ ከነወንበሬ ተሸክማችሁ አወረዳችሁኝ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ እኔም ቀላል ሰው አይደለሁም። ላባችሁ ሲወርድ እያየሁ «ተዉኝ፣ ይቅርብኝ» ስላችሁ አንዳችሁ «ጋሼ፣ የታችኛው ፎቅ እኮ ቀርቧል» አላችሁኝ። ሥራ የምትውሉት ከሥራ በፊት፣ ተማሪዎቹ ከትምህርት በፊት እየመጣችሁ «ጋሼ፣ ዛሬ አይወርዱም እንዴ?» እያላችሁ በር ስታንኳኩ ኖራችኋል። ማንም አልከፈላችሁም። ስም ዝርዝር ያወጣ ኮሚቴም የለም።

መጀመሪያ የተመለሰልኝ እንቅልፌ ነው። ይህ ያስደነቀኝ ነገር ስለሆነ ትንሽ ላውራው። ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው። ያንን ሰዓት በየጠዋቱ የሚሞላው በዓይን የሚገባ የቀን ብርሃን ነው። ዓይናችን ስለሚለማመድ ቤት ውስጥ ያለው ብርሃን የሚበቃ ይመስለናል እንጂ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አያልፍም። ደጅ ግን ሰማዩ ደመና ቢሆን እንኳ ሺዎች ነው። ጠራራ ፀሐይ ሲሆን 100,000 ሉክስ ይደርሳል። በእነዚያ የክረምት ወራት አእምሮዬ «አሁን ቀን ነው» የሚለው ነገር አላገኘም ነበር። ጠዋት ጠዋት ኮሚናሉ አጠገብ መቀመጥ ከጀመርኩ ወዲህ ማታ ሲመሽ እንቅልፍ ራሱ ይመጣል። ሲነጋ ደግሞ ይርበኛል።

ባለቤቴ ቀድሞም ፀሐይ እንዲያገኘኝ መስኮት ሥር ታስቀምጠኝ ነበር። እሷም ደጉን አስባ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እንደነገረችን ግን የመስኮት መስታወት ሙቀቱንና ብርሃኑን ያሳልፍና ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር አብዛኛውን ያስቀረዋል። ቫይታሚን ዲ ከሌለ አንጀት ካልሲየምን በደንብ አይወስድም፤ አጥንት ይሳሳል። እንደኔ ሚዛኑን እየሳተ የሚወድቅ ሰው ደግሞ አጥንቱ ሊሳሳበት አይገባም። የእኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ከነጮቹ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ደግነቱ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ናትና ፀሐይዋ ብርቱ ነው። ቀትር ላይ እንደ እህል ተሰጥቶ መዋል ማለት ግን አይደለም። ፀሐዩ መድኃኒቴንም አልተካልኝም። የደም ግፊት ኪኒኔን ዛሬም ሳላጓድል እውጣለሁ። ይህን የምለው ጽሑፌን አይቶ መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው እንዳይኖር ነው።

አንድ ጥናትም ተነቦልኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ ያወጣው ነው። በአሜሪካ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች አነጻጸረ። በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት፣ የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጠንከር ያለ ማስታገሻ የወሰዱትም ያነሰ ነው። ዛፍ በማየት ብቻ! እኔ ደግሞ ከዛፉ ሥር ተቀምጫለሁ። ከኮሚናሉ ጎን ያለችውን ግራር የተከላችሁና በበጋ በባልዲ ውኃ የምታጠጡ እናቶች፣ ጥላዋ ለእኔ ምን እንደሆነ እወቁልኝ።

ደጅ ደግሞ ሰው አለ። ይህን በሉክስ የሚለካው የለም። ጀበናችሁን ይዛችሁ ወርዳችሁ ቡናውን እኔ አጠገብ ያፈላችሁ እህቶቼ፣ ሦስተኛውን እስክጠጣ ማንም አልተነሳም። ባለሱቁ ወንድሜ፣ ወንበርህን ለእኔ ሰጥተህ ራስህ በሳጥን ላይ ተቀምጠሃል። ጥበቃችን፣ ከወንበር ለመነሳት በታገልኩ ቁጥር ቀድመህ የምትደርሰው አንተ ነህ። እናንተ ሕፃናት ደግሞ ኳሳችሁን አቁማችሁ እርምጃዬን ጮክ ብላችሁ ትቆጥሩልኝ ነበር። እናንተ እየቆጠራችሁ መቆም አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለኔ መጀመሪያ ላይ ከወንበሩ እስከ ሱቁ ድረስም ብዙ ነበር። በእናንተ ጩኸት ግን ከብሎክ ወደ ብሎክ፣ ከዚያም እስከ አስፋልቱ ደረስኩ።

ሐኪሜን አስፈቅደን እንጦጦ የወሰድከኝ ጎረቤቴ፣ ያንን እሑድ አልረሳውም። ከጀሞ እንጦጦ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። ቤንዚኑንም ጊዜህንም ሳትሰስት ወሰድከኝ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን ፓርክ ያየሁት ያኔ ገና ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ቶሎም ያደክማል። ባሕር ዛፉ ይሸታል። ቀስ እያልን፣ በየወንበሩ እያረፍን ሄድን። ከስትሮኩ ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ያን ቀን ነው ትላለች ባለቤቴ።

ባለቤቴ፣ ለአንቺ የሚሆን ቃል የለኝም። ሌሊቱን ከእኔ ጋር ነቅተሽ ቀን ትሠሪ ነበር። እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ለሁላችሁም ብድራችሁን እሱ ይክፈላችሁ። ክፉ አይንካችሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከእኛ ብሎክ ቀጥሎ ባለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተሠራላቸው በኋላ ደጅ ያልወረዱ እናት አሉ። ሐኪማቸው መውጣት ይችላሉ ብሏቸዋል፤ እሳቸውም ልጆቻቸውም ፈቅደዋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋም እንዴት እንደሚያዙ ልታሳየን ትመጣለች። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እናወርዳቸዋለን። ወንበሩ ተዘጋጅቷል፤ ቡናውን ባለቤቴ ይዛለች። የእኔ ጉልበት ገና ስላልተመለሰ ሁለት ሰው ይጎድለናል። የምትችሉ ለጥበቃችን ንገሩት።