ግብጦው ወንዝ ውስጥ ነው

ሰከላ፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ገብሱን አጭዶ ከምሯል። ቡሬዋም ላም ወልዳለች።

ባለፈው እሑድ ኔትወርክ መጥቶ ስትደውዪ «ደህና ነኝ እማዬ» አልሽኝ። የቤት ኪራዩ መጨመሩን፣ ታክሲ ጥበቃ ተሰልፈሽ እንደምታመሺ፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሣሽ ሁሉንም እየሳቅሽ ነገርሽኝ። ሆዴን የበላኝ ሳቅሽ ነው። ስልኩ እንደ ልማዱ ተቋረጠና ልነግርሽ ያሰብሁት ሁሉ ውስጤ ቀረ፤ ይኸው ብዕር አነሣሁ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እኛ ቀበሌ ሲደርስ ልጅ ነበርሁ፤ በኩራዝ መብራት ነው ፊደል የቆጠርሁት። ያን ጊዜ የተማርሁት ለዛሬ፣ ለአንቺ እንዲሆነኝ ይመስለኛል።

ትናንት ግብጦ ቀቅዬ በጆንያ አስሬ ወንዝ ጨመርሁት። ትንሽ ሳለሽ ገና ውሃ ያልጠገበውን ሰርቀሽ ቀምሰሽ ማልቀስሽ ትዝ ይልሻል? ሳይነከር የተበላ ግብጦ ምላስ ብቻ አይደለም፣ ራስም ያዞራል። ምሬቱን እሳት አይችለውም። ብትቆዪውም ብትቀቅዪውም እዚያው ነው፤ እሳቱ ፍሬውን አላልቶ ለውሃው መንገድ ይከፍትለታል እንጂ። ምሬቱን የሚወስደው ውሃ ነው፣ ያውም የሚሄድ ውሃ። በእንስራ ነክረሽ ውሃውን ሳትቀይሪ ብታስቀምጪው ውሃው ራሱ ይመርና ፍሬው ተመልሶ በምሬቱ ውስጥ ይተኛል። ወንዝ ከገባ ግን ቀን ከሌሊት እየታጠበ ይሰነብታል፤ ምሬቱም ወደ ግልገል ዓባይ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይወርዳል። አንቺ ከሥራ ገብተሽ በርሽን ዘግተሽ፣ ያንኑ ሐሳብ ስታመላልሺ የምታድሪው እንደ እንስራው ግብጦ ሆነሽብኛል። ለማን እያወራሽው ነው?

«በጎ በጎውን አስቢ» ብዬ ብቻ ልተውሽ አልፈልግም። እኔም ተብዬ አውቃለሁ። ታናሽ ወንድምሽ ጡት ሳይጥል፣ አጨዳ ሊደርስ ሲል በረዶ ገብሱን ከመሬት አጣበቀው፤ የድንቹንም ቅጠል ላጨው። የማዳበሪያ ዕዳ አለብን። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «ከዚህ የባሰ አለና ተመስገን በይ» ይለኛል። እውነታቸውን ነው፣ የባሰ አለ። እኔ ግን ተመስገን ባልሁ ቁጥር ጉሮሮዬን የሚያንቀኝ ነገር ነበር፤ ባለማመኔ ይሆን እያልሁም በላዩ እጨነቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከወንዙ ማዶ ያሉት እማሆይ መጡ። አይዞሽም አላሉኝ። መቆፈሪያውን ከግድግዳው አነሡና «ነይ፣ ድንቹን እንየው» ብለው ወደ ማሳው ቀደሙኝ። ሁለታችንም ሳንነጋገር ቆፈርን። የእንቁላል የሚያክል፣ አንዳንዱም ከዚያ ያነሰ ድንች ወጣ። ሲመሽ አንድ እንቅብ ሞላን። ዕዳውን አልከፈለም። ዕዳው በሌላው ዓመት፣ ያውም ጥጃ ተሸጦ ነው የተከፈለው። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ ወሰደኝ። ተመስገንም ያለ ማንም ጉትጎታ ከአፌ ወጣ።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፣ ለኪራዩ መላ እስኪገኝ ድረስ አንድ እንቅብ የሚሞላ ነገር በየቀኑ ይኑርሽ፤ ልብስ ማጠብም ቢሆን፣ ለሰፈርሽ አሮጊት ውሃ መቅዳትም ቢሆን። ከግቢሽ ሴቶች ጋር ቡና ጠጪ። አቦሉን ቀምሰሽ እየሮጥሽ አትውጪ፤ የሆድ የሚወጣው በረካው ላይ ነው፣ ይህን ከእናቴ ቤት ጀምሮ አይቼዋለሁ። ብቻ በጠዋቱ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ የጠጡት ቡና እስከ ሌሊት ከደም አይወጣምና እንቅልፍሽን ይወስድብሻል። ስልክሽንም ከትራስሽ አርቂው። እኛ አገር መንገድ በተዘጋ ቁጥር የምታነቢው ወሬ ለእኔ መንገድ አይከፍትልኝም፤ አንቺን ግን እስከ ንጋት ያስቀምጥሻል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ስታስተምረን፣ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ደስታ ሁሉ ከጠፋበት፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለው ሐኪም ዘንድ ይሂድ አለች። ጠበሉንም ጸሎቱንም አልተውም፤ ለአንቺ ስል ግሽ ዓባይ ወርጄ እጠመቃለሁ። አንቺ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድን አትፈሪ፤ እኔ አላፍርብሽም፣ አባትሽም አያፍርም።

ግብጦው ምሬቱ ሲለቅ ልጬ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ በሰው እልክልሻለሁ። ብቻሽን እንዳትበዪው፣ ለግቢሽ ሴቶችም አቅርቢላቸው። እኔ ነገ ወርጄ እቀምሰዋለሁ፤ ገና ይመራል፣ አውቀዋለሁ። እሑድ ስትደውዪ እንዳትስቂልኝ፣ የሆንሽውን ንገሪኝ።

እናትሽ