የኮምፒውተር ዕቃ ሲገዛ ሊኑክስም ይታሰብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክቡር አዘጋጅ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ በደሴና በኮምቦልቻ፣ በወልዲያና በሐይቅ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ እኛን በጥገና ሥራ የምንተዳደረውን ሰዎች በየዕለቱ የሚገጥመን ጉዳይ ሆኗል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶቹ በስተቀር ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን በይፋ አይቀበልም። በእኛ አካባቢ በብዛት የሚሸጠው ደግሞ በውጭ አገር አገልግሎ የመጣ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ስለሆነ፣ ገና ብዙ ዓመት ሊሠራ የሚችል ዕቃ በሶፍትዌር ምክንያት ብቻ ጊዜው ያለፈበት ተብሎ እየተቆጠረ ነው።

ስለዚህም በነጻ የሚገኘውና በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሳይቀር በቅልጥፍና የሚሠራው ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ዋና ፕሮግራም) ለእንደኛ ዓይነቱ አካባቢ የሚስማማ አማራጭ መሆን ነበረበት። ሆኖም ሊኑክስ ከጫንኩላቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ብዙም ሳይቆዩ «ዊንዶውሱን መልስልኝ፣ ሥራ ቆመብኝ» እያሉ ይመለሳሉ። የሚያማርሩት ሊኑክስ አስቸጋሪ ስለሆነባቸው አይደለም፤ መጻፍያውንም ሆነ ማሰሻውን በአጭር ጊዜ ይለምዱታል። የአማርኛ ጽሕፈትም ቢሆን የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ በሊኑክስ ላይ መፍትሔ አግኝቷል። የሚመልሳቸው ዋይፋዩ አልያዘም፣ ፕሪንተሩ አላተመም፣ ላፕቶፑ ተከድኖ ሲከፈት አልነቃም የሚለው ነው። እኔ እንደማየው የዚህ ችግር ምንጭ የዕቃ አምራቾች ምስጢር መያዝና የእኛ የገዢዎች አለመጠየቅ ነው፤ ሁለተኛውን ደግሞ እዚሁ ወሎ ውስጥ ሆነን ማስተካከል እንችላለን።

ድራይቨር የምንለው ስርዓተ ክወናው ከዕቃው ጋር የሚነጋገርበትን ፕሮግራም ነው፤ ፕሪንተሩ የትኛውን ትዕዛዝ እንደሚቀበል፣ የዋይፋይ ካርዱ በምን ቅደም ተከተል እንደሚነሣ የሚያውቀው እርሱ ነው። በዊንዶውስ ይህን ፕሮግራም ጽፎ በሲዲ ወይም በድረ ገጹ የሚያቀርበው በአብዛኛው አምራቹ ራሱ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው በሊኑክስ ዘንድ ግን የዳበረው አሠራር የተለየ ነው፦ ድራይቨሩ የከርነሉ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ አካል ሆኖ ይጻፋል፣ ከከርነሉ ጋር ይታደሳል፣ አብሮትም ይሰራጫል። በመሆኑም አምራቹ የዕቃውን ቴክኒካዊ ሰነድ ይፋ ካደረገ ወይም ድራይቨሩን ራሱ ጽፎ ካበረከተ ዕቃው እንደተሰካ ይሠራል፤ ተጠቃሚው ሲዲም ሆነ ድረ ገጽ መፈለግ አያስፈልገውም። ለአዲሱ ዊንዶውስ ድራይቨር የተቋረጠባቸው አሮጌ ስካነሮች በሊኑክስ ላይ ያለ ምንም እንከን ሲሠሩ ደጋግሜ አይቻለሁ። አምራቹ ሰነዱን ከደበቀ ግን፣ አንድ ቦታ የተቀመጠ በጎ ፈቃደኛ በኮምፒውተሩና በዕቃው መካከል የሚመላለሰውን መረጃ እየተከታተለ ምስጢሩን በራሱ ጥረት መፍታት ይኖርበታል፤ ይህም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

በእኛ አካባቢ ሰውን ቀድሞ የሚያስመርረው ዋይፋይ ነው። ብዙ የዋይፋይ ካርዶች ከድራይቨሩ በተጨማሪ ፈርምዌር የተባለ፣ ካርዱ በተነሣ ቁጥር ወደ ውስጡ የሚጫን ፋይል ይፈልጋሉ፤ ይህ ፋይል የአምራቹ ንብረት ሲሆን ይዘቱም ለማንም አልተገለጠም። የነጻ ሶፍትዌርን መርሕ አጥብቆ የሚይዘው ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ይህን ዓይነቱን ፋይል ለረጅም ዘመን ከዋናው መጫኛው ውስጥ አያካትትም ነበር። በዚህም የተነሣ አዲስ ተጠቃሚ መውጫ የሌለው አዙሪት ውስጥ ይገባ ነበር፦ ዋይፋዩን ለማሠራት ፋይል ከኢንተርኔት ማውረድ አለበት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ዋይፋዩ መሥራት አለበት። የዴቢያን አባላት እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ ሰጥተው አቋማቸውን ለወጡ፤ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12ም ፈርምዌሩን በመጫኛው ውስጥ ይዞ መጣ። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን እንደ መርሕ ማላላት ቢቆጥሩትም፣ እኔ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ፤ በቤቱ የኔትወርክ ገመድ የሌለው የወረኢሉ ወይም የኩታበር ተማሪ ነጻነትን የሚቀምሰው ኮምፒውተሩ ከተገናኘ በኋላ ነውና። አሁንም ይህ አዙሪት የሚገጥመው ሰው ቢኖር፣ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ የስልኩን ዳታ ያጋራ፤ ሊኑክስ ይህን ግንኙነት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ስለሚያውቀው የጎደለውን ፋይል በዚያ መንገድ ማውረድ ይቻላል።

ሌላው የዋይፋይ ችግር ከከርነሉ ውጭ የሚጫን ድራይቨር ነው። ለምሳሌ በርካሽ ላፕቶፖች ላይ በብዛት የሚገኘው የሪልቴክ አርቲኤል8821ሲኢ ካርድ በከርነሉ ውስጥ ድጋፍ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ከርነል 5.9 ነው። ከዚያ በፊት ባለቤቱ የድራይቨሩን ኮድ ከውጭ አምጥቶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ መገንባት ነበረበት፤ ከርነሉ በታደሰ ቁጥርም ድራይቨሩ እንደገና መገንባት አለበት። ይህን በራሱ የሚያከናውን ዲኬኤምኤስ የተባለ መሣሪያ አለ፤ ነገር ግን የከርነሉ ውስጣዊ አሠራር ሲለወጥ ግንባታው ይከሽፋል። ሴኪዩር ቡት የተባለው ጥበቃ ከበራ ደግሞ ፊርማ የሌለው ድራይቨር ጭራሹን አይጫንም። ተጠቃሚው የሚያየው ግን ይህን ሁሉ አይደለም፤ ማታ ሲሠራበት ያመሸው ኢንተርኔት ጠዋት መጥፋቱን ብቻ ነው የሚያየው። ይህን ሰው «ሊኑክስን አልተረዳኸውም» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የፕሪንተሩ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ዋይፋይ የሌለው ሰው በስልኩ ሊተካ ይችላል፣ ማተም ያልቻለ የኮፒ ቤት ባለቤት ግን የዕለት ገቢው ይቋረጣል። በደሴ ፒያሳም ሆነ በየወረዳው ከተማ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚተዳደሩ ሰዎች የሚገዙት ዋጋው ዝቅ ያለውን ሌዘር ፕሪንተር ነው። ዋጋው ዝቅ ያለበት አንዱ ምክንያት ፕሪንተሩ በራሱ ብዙ ስለማይሠራ ነው። ውድ የሆኑት ፕሪንተሮች ፖስትስክሪፕት ወይም ፒሲኤል የተባሉትን የታወቁ የገጽ መግለጫ ቋንቋዎች ስለሚረዱ፣ ማንኛውም ስርዓተ ክወና ገጹን በእነዚህ ጽፎ ሊልክላቸው ይችላል። ርካሾቹ ግን ገጹን ነጥብ በነጥብ የማዘጋጀቱን ሥራ ለኮምፒውተሩ ትተው፣ የተዘጋጀውን ምስል አምራቹ ብቻ በሚያውቀው ቅርጽ ይቀበላሉ። ያን ቅርጽ የሚያውቀው የዊንዶውሱ ድራይቨር ብቻ ከሆነ፣ በሊኑክስ ላይ ፕሪንተሩ ኤሌክትሪክ የሚበላ ሣጥን ሆኖ ይቀራል።

መሐል ላይ የቆሙም አሉ። ኤችፒ ኤችፕሊፕ የተባለ የሊኑክስ ሶፍትዌር ያዘጋጃል፣ አብዛኞቹ ፕሪንተሮቹም በዚያ ይሠራሉ፤ ይህን ማመስገን ተገቢ ነው። ሆኖም ሌዘርጄት ፒ1102ን የመሳሰሉ ሞዴሎች ከዚህ በተጨማሪ ከኢንተርኔት የሚወርድ፣ ኮዱ ያልተገለጠ ፕለጊን የተባለ ተቀጥላ ፕሮግራም ይፈልጋሉ፤ የፕለጊኑም እትም ከሶፍትዌሩ እትም ጋር ካልገጠመ ህትመቱ ይቆማል። የኔትወርክ መቆራረጥ በማይገርምበት አገር ይህ ትንሽ ጣጣ አይደለም። በቅርብ የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮቹን በሙሉ ወደ ሊኑክስ ካዞረ በኋላ፣ ለፈተና ማባዣ የተገዛው ፕሪንተር በሊኑክስ ላይ ድራይቨር ስላልነበረው መምህራኑ የፈተና ወረቀት በፍላሽ ይዘው ወደ ኮፒ ቤት መመላለስ ግድ ሆኖባቸው ነበር። በመጨረሻ ኮምፒውተሮቹ ክራክ ወደተደረገ ዊንዶውስ ተመለሱ፤ ከነቫይረሱ ማለት ነው። አንድ ፕሪንተር የአንድን ሙሉ ቤተ ሙከራ ዕቅድ አፈረሰ።

የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ሊቀር የሚችል መሆኑ ነው። ስልኮች ያለ ድራይቨር እንዲያትሙ ተብሎ የመጣው አሠራር፣ ማለትም አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ያስተዋወቀው ኤርፕሪንትና ከእርሱ ጋር የሚቀራረበው አይፒፒ ኤቭሪዌር፣ ለሊኑክስ ተጠቃሚም ታላቅ እፎይታ ሆኗል። በሊኑክስ ላይ ህትመትን የሚያስተዳድረው ከፕስ እነዚህን ፕሪንተሮች ያለ ምንም ልዩ ድራይቨር ያውቃቸዋል። ስለዚህ ፕሪንተር የሚገዛ ሰው ካርቶኑ ላይ የኤርፕሪንት ምልክት መኖሩን ቢያይ፣ አይፎን ባይኖረውም እንኳ፣ ከብዙ ችግር ይድናል። የዋጋው ልዩነት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሥራው ከቆመበት ቀን ኪሳራ ጋር ይነጻጸር።

ስለ ግራፊክስ ካርድ ብዙ አልልም፤ በእኛ አካባቢ ያሉት አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች የኢንቴል ግራፊክስ ያላቸው ስለሆኑ ችግር አይገጥማቸውም፣ ኤኤምዲም ድራይቨሩን በግልጽ ኮድ ማበርከት ከጀመረ ሰንብቷል። ኤንቪዲያ ግን ረጅም ጊዜ ዘግቶ ከቆየ በኋላ የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ኮድ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ እርሱም ለአዳዲሶቹ ካርዶች ብቻ ስለሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ለያዘ ሰው የሚፈይደው የለም።

አምራቾች ሁልጊዜ የሚሰጡት መልስ የሊኑክስ ተጠቃሚ ጥቂት ስለሆነ ወጪውን አይመልስም የሚል ነው። ይህን መልስ አልቀበለውም። በእጃችን የያዝነው የአንድሮይድ ስልክ በሊኑክስ ከርነል ነው የሚሠራው፤ ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 2017 ጀምሮ በዓለም ፈጣን ተብለው የተመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ለስልክና ለሰርቨር ድራይቨር የሚጽፍ ኩባንያ ለዴስክቶፕ ሲሆን ዕውቀቱ አይጠፋበትም። ወጪውንም በተመለከተ፣ ከከርነሉ ዋና ጠባቂዎች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ2007 ለማንኛውም ኩባንያ የሊኑክስ ድራይቨር በነጻ እንደሚጻፍለት በይፋ አስታውቆ ነበር፤ ከኩባንያው የሚጠበቀው የዕቃውን ሰነድ መስጠትና ጥያቄ የሚመልስ መሐንዲስ መመደብ ብቻ ነበር፣ ምስጢር የመጠበቅ ውል መፈረምም ይቻል ነበር። እንዲህ ያለ ግብዣ ቀርቦ ሳለ ሰነዱን የደበቀ አምራች ወጪ ከለከለኝ ማለት አይችልም።

ነገር ግን የአምራቾች ልብ እስኪለወጥ መጠበቅ የለብንም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ በወሎ በርካታ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮቻቸውን አጥተዋል፤ የጠፋውን ለመተካት በግዢም በእርዳታም ዕቃ ሲገባ ቆይቷል፣ ወደፊትም ይገባል። በግዢ ሰነዶች ላይ የፕሮሰሰሩ ፍጥነትና የሜሞሪው መጠን በዝርዝር ይጻፋል፤ ዕቃው ከዊንዶውስ ውጭ መሥራት አለመሥራቱን የሚጠይቅ መስመር ግን እስካሁን አላየሁም። በጨረታ ሰነድ ላይ «ፕሪንተሩ፣ ስካነሩና የዋይፋይ ካርዱ ከውጭ የሚጫን ድራይቨር ሳያስፈልግ በሊኑክስ ላይ መሥራታቸው በርክክብ ጊዜ በተግባር ይረጋገጣል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ለመንግሥት ምንም ወጪ የለውም፤ አስመጪው ግን የሚያመጣውን ሞዴል እንዲመርጥ ያስገድደዋል። ርክክቡን የሚፈጽመው ኮሚቴ ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ይዞ ከፍላሹ አስነሥቶ ማየት በቂው ነው፣ በኮምፒውተሩ ላይ ምንም ነገር መጫን አይጠበቅበትም።

ይኸው ምክር ለግል ገዢም ይሆናል። ሸዋ በርም ሆነ ፒያሳ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ከፍላሽ አስነሥቶ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን ይፈትን፤ ክዳኑን ዘግቶ ይክፈት። ባለ ሱቆቻችን ገር ሰዎች ናቸውና አይከለክሉም፤ እንዲያውም ሊኑክስ የተፈተነበት ብለው ለይተው ቢያስቀምጡ ገበያ ያገኙበታል ብዬ አምናለሁ። እኛ የጥገና ባለሙያዎችም ደንበኛን «አብሽር፣ ይሠራል» ብለን ከመሸኘታችን በፊት ፕሪንተሩን ይዞት እንዲመጣ መጠየቅ ይገባናል።

ለወሎ ዩኒቨርሲቲና ለወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። በገበያችን ላይ ያሉትን የላፕቶፕ፣ የፕሪንተርና የዋይፋይ ዕቃዎች ሞዴል በሞዴል ፈትኖ የትኛው በየትኛው ከርነል እንደሚሠራ በአማርኛ የሚመዘግብ ዝርዝር ተማሪዎች እንደ መመረቂያ ሥራ ቢያዘጋጁት፣ በየዓመቱም ተከታዮቻቸው ቢያድሱት፣ ከወልድያ እስከ ከሚሴ ያለ ገዢ ሁሉ ይጠቀምበታል። ለፈተናው የሚሆኑ ዕቃዎችን፣ በእጄ ያለውን ያህል፣ በውሰት ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከደሴ