ለቤቲ፦ ታርጋ ከማዘዝሽ በፊት

ይድረስ ለተወደድሽው ልጄ ለቤተልሔም፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ከአሁኑ ናፍቀሻታል። ሥራው ከጆርጂያዋ አትላንታም ከቴክሳሷ ዳላስም መምጣቱ ሁላችንንም ደስ አሰኝቶናል። ባለፈው በስልክ «በስሜ ታርጋ ለማውጣት የትኛው ስቴት ይሻለኛል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው የምጽፍልሽ። የስም ታርጋ፣ ማለትም በተራው ቁጥር ፈንታ ባለቤቱ የመረጠው ስም የሚጻፍበት ታርጋ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በዓመት 5 ዶላር ብቻ ነው። መኪናሽን ወደ አዲሱ ስቴት ስታስገቢ የምትከፍይው ታክስ ግን በመቶዎች ይለያያል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን እንይ።

ማንኛውም ስቴት ገንዘብ ሲጠይቅሽ ክፍያው በምን ላይ እንደተሰላ እወቂ፤ በመኪናው ዋጋ ነው፣ በክብደቱ ነው ወይስ ለሁሉም እኩል ነው? ከዚያ ደግሞ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ነው ወይስ በየዓመቱ የሚመጣ? ዋሽንግተን ዲሲ የምትሄደው በክብደት ነው፤ ከ3,500 ፓውንድ በታች የሆነ መኪና በዓመት 72 ዶላር ሲከፍል ከ6,000 ፓውንድ በላይ የሆነው 500 ዶላር ይከፍላል። ኮሎራዶ ደግሞ መኪናው አዲስ ሳለ ከተቆረጠለት ዋጋ 85 ከመቶውን ወስዳ በመጀመሪያው ዓመት 2.1 ከመቶ ታስከፍላለች። ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ዓመት 0.45 ከመቶ ይሆናል፣ ከአሥረኛው ጀምሮ ይህ ታክስ 3 ዶላር ብቻ ነው። ኮሎራዶ ያለ ሰው አሮጌ መኪናውን አልለቅም ቢል አይፈረድበትም።

አሁን ያለሽበት ቨርጂኒያ መኪና ሲገዛ 4.15 ከመቶ ያስከፍላል። ክብደቱ እስከ 4,000 ፓውንድ ለሆነ መኪና የዓመት ምዝገባው 30.75 ዶላር ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው ርካሽ ይመስለዋል። የሚከብደው ካውንቲው (በስቴቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ወይም ከተማው በመኪናው ዋጋ ላይ በየዓመቱ የሚልከው ታክስ ነው። ስቴቱ ለግል መኪና በመጀመሪያው 20,000 ዶላር ዋጋ ላይ የተወሰነ ቅናሽ ቢያደርግም ቀሪው አይቀርልሽም። የስም ታርጋ ግን በዓመት 10 ዶላር ብቻ ስለሆነ ሰው ሁሉ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 በመላ አሜሪካ በተደረገ ቆጠራ ቨርጂኒያ አንደኛ ነበረች፤ ከመቶ መኪና 16ቱ ገደማ በባለቤቱ ምርጫ የተጻፈ ታርጋ ነበረው። በዚህ ዋጋ ለምደሽ ሌላ ቦታ ስትሄጂ እንዳትደነግጪ።

ጆርጂያ ከመጋቢት 2013 ጀምሮ በየዓመቱ በልደት ቀን ይመጣ የነበረውን የመኪና ታክስ አንስታ በአንድ ጊዜ በሚከፈል ታክስ ተክታዋለች። እዚያው መኪና የሚገዛ ሰው 7 ከመቶ ይከፍላል። ከሌላ ስቴት መኪናውን ይዞ የሚገባ አዲስ ነዋሪ ግን 3 ከመቶ ነው። ያንቺ መኪና 18,000 ዶላር ቢገመት 540 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ላይ የታይትል (የሊብሬ) 18 ዶላር፣ የዓመት ምዝገባ 20 ዶላር ሲጨመር 578 ይመጣል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 20 ዶላር ብቻ ነው። ልብ በይ፣ 3 ከመቶው የሚሰላው ስቴቱ ራሱ ለመኪናው በሚያወጣው ግምት እንጂ አንቺ በገዛሽበት ዋጋ አይደለም። የስቴቱ የገቢዎች መሥሪያ ቤት የመኪናውን ቪን (ሻንሲ) ቁጥር አስገብተሽ ግምቱን የምታዪበት ማስያ ድረ ገጹ ላይ አለው።

ቴክሳስ ለአዲስ ነዋሪ ትለያለች። እዚያ መኪና የሚገዛ ሰው 6.25 ከመቶ ሲከፍል፣ በሌላ ስቴት በስሙ ተመዝግቦ የነበረ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው መኪናው የቱንም ያህል ዋጋ ቢኖረው 90 ዶላር ብቻ ይከፍላል። ዳላስ ላይ ታይትል 33 ዶላር፣ ምዝገባ 50.75 ዶላር ነው። ከጥር 2025 ጀምሮ ለግል መኪና የደኅንነት ምርመራ ቀርቷል፤ በምርመራው ምትክ የገባው 7.50 ዶላር ግን ከምዝገባ ጋር ይከፈላል። የካውንቲውን ጥቃቅን ክፍያ ስትጨምሪበት ወደ 200 ዶላር ይጠጋል። የጭስ ምርመራ ዳላስን ጨምሮ በተወሰኑ ካውንቲዎች አሁንም ግዴታ ስለሆነ እሱን ለብቻው ያዢ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፣ መኪናውን ልቀይረው እያልሽ ስለነበር። 18,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና እዚህ ገዝተሽ አትላንታ ብትወስጂው፣ ለቨርጂኒያ 747 ለጆርጂያ 540 ከፍለሽ 1,287 ይሆናል። እዚያው ብትገዢው 1,260 ነው፣ ታይትልም ሁለት ጊዜ አታወጪም። ስለዚህ አትላንታ ከሆነ ሄደሽ ግዢ። ዳላስ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚህ ገዝተሽ በስምሽ አስመዝግበሽ ብትሄጂ 747 እና 90 ድምሩ 837 ሲሆን፣ እዚያ ብትገዢ 1,125 ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ካሰብሽ ደግሞ ቴክሳስ በየዓመቱ 200 ዶላር ትጨምራለች፣ አዲስ ከሆነ መጀመሪያ ላይ የሁለት ዓመቱን 400 በአንዴ ትቀበላለች።

ወደ ስምሽ ልመለስ። በጆርጂያ የስም ታርጋ ከመደበኛው በላይ በየዓመቱ 35 ዶላር ነው። ቴክሳስ ለስሙ ብቻ በዓመት 40 ዶላር ትጠይቃለች፣ የመረጥሽው ልዩ ንድፍ ዋጋ ለብቻው ነው። ቺካጎ ያሉት የአክስትሽ ልጆች እንዳያሳስቱሽ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ፊደል ብቻ የሆነው 94 ዶላር፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት 47 ዶላር ስለሆነ የእነሱ ሒሳብ ላንቺ አይሠራም።

የጆርጂያ ታርጋ የሚይዘው ቢበዛ ሰባት የላቲን ፊደል ነው። ስምሽ በፓስፖርትሽ እንደተጻፈው ስምንት ፊደል ነው፤ ቢ፣ ኢ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤች፣ ኢ፣ ኤም። ሁለተኛውን ኢ ብታወጪው ሰባት ሆኖ ይገባል፣ ሲነበብም ያው ቤተልሔም ነው። «ቤቲ» አጭር ስለሆነ ሌላ ሰው ወስዶት ሊሆን ስለሚችል ሦስት አማራጭ ጽፈሽ ያዢ። ተወስዷል ሲሉሽ ቢን በ8፣ ኦን በዜሮ፣ ኤስን በ5 ለመተካት አትሞክሪ። የመንገድ ክፍያ ካሜራና የፓርኪንግ ተቆጣጣሪ እነዚህን ያምታታሉ፣ የሌላ ሰው ሒሳብ ወዳንቺ ይመጣል። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሰው በኮምፒውተር ቋንቋ «ባዶ» ማለት የሆነውን «ነል» የሚል ታርጋ አውጥቶ፣ የታርጋ ቁጥር ሳይሞላባቸው የቀሩ የሌሎች ሰዎች ቅጣቶች ሁሉ በእሱ ስም ተሰብስበው ከ12,000 ዶላር በላይ ደርሶበት ነበር። ግልጽ የሆነ ስም የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ግን ስሙን በመጀመሪያው ቀን አትዘዢ። የስም ታርጋ ተሠርቶ እስኪመጣ ይቆያል፣ አዲስ ነዋሪ ደግሞ በሁለቱም ስቴት መኪናውን ለማስመዝገብ ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው። መጀመሪያ ተራውን ታርጋ አውጪ። ጆርጂያ ውስጥ ምዝገባው የሚያልቀው በልደትሽ ቀን ስለሆነ፣ የዚያን ጊዜ ስታሳድሺ ስሙን ታዢያለሽ። ታርጋው በተቀየረ ቀን ለኢንሹራንሱና የመንገድ ክፍያ ለምትከፍይበት ለኢዚፓስ አካውንትሽ አዲሱን ቁጥር ንገሪ፤ ይህን የረሳ ሰው ነው ያልከፈልከው አለ እየተባለ ደብዳቤ የሚደርሰው።

አትላንታን ከመረጥሽ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። እዚህ ዲ ኤም ቪ (የስቴቱ የመኪናና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) ሁሉንም በአንድ ቦታ ለምደሻል፣ እዚያ ግን መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ዲ ዲ ኤስ ሌላ፣ ታርጋ የሚሰጠው የካውንቲው ታግ ኦፊስ ሌላ ነው። ኢንሹራንስሽን ወደ ጆርጂያ አድራሻ ካዞርሽ በኋላ መንጃ ፈቃዱን አውጪ፣ ያለሱ አይመዘግቡሽም። አትላንታ ዙሪያ ባሉት 13 ካውንቲዎች ከሆንሽ የጭስ ምርመራ አሠሪ፣ ከ25 ዶላር አይበልጥም። ከዚያ ኤም ቪ 1 የሚባለውን ቅጽ ሞልተሽ፣ ሊብሬውን ማለትም ታይትሉን፣ የአድራሻ ማስረጃና የጭሱን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ታይትሉ ባንክ እጅ ካለ የቨርጂኒያውን ምዝገባና የባንኩን ትክክለኛ ስምና አድራሻ ያዢ። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በስም ነው፤ ታይትሉ ላይ የአያት ስም ገብቶ መንጃ ፈቃዱ ላይ ከሌለ ወይም አንድ ፊደል ከተለየ መልሰው ይልኩሻል። ሁለቱን አሁኑኑ ጎን ለጎን አድርገሽ ፊደል በፊደል እዪ። ጆርጂያ ታርጋ የሚታሰረው ከኋላ ብቻ ስለሆነ የፊቱን መያዣ ልትፈቺው ትችያለሽ፤ ለቴክሳስ ግን ሁለት ታርጋ ስለሆነ ተዪው።

ከቨርጂኒያ ስትወጪ ደግሞ የቨርጂኒያውን ታርጋ ሳትመልሺ ኢንሹራንሱን አታቋርጪ። ኢንሹራንሱ መቆሙ ለዲ ኤም ቪ በኮምፒውተር ይደርሳል፣ መኪናው ገና እዚህ ተመዝግቦ ከተገኘ ቅጣቱና የመንጃ ፈቃድ እገዳው ይከተልሻል። ለካውንቲውም የሄድሽበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቂ። እንደ ፌርፋክስ ያሉት ታክሱን በወር ቆጥረው ስለሚያስከፍሉ ዝም ካልሽ ያልኖርሽበትን ወር ትከፍያለሽ። የከፈልሽበትን ደረሰኝም አትጣይ፤ የፌዴራል ታክስ ስታሠሪ ተቀናሾችሽን በዝርዝር የምታስገቢ ከሆነ በመኪናው ዋጋ ላይ ተሰልቶ በየዓመቱ የሚከፈለው ይቀነስልሻል፣ ለሁሉም እኩል የሆነው የምዝገባ ክፍያ ግን አይቀነስም።

ቪን ቁጥሩ ከመስታወቱ ሥር በሾፌሩ በኩል አለ። ዛሬ ማታ በማስያው አስገብተሽ የጆርጂያን ግምት እዪና ከ540 ዶላር የራቀ ከሆነ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን።

አባትሽ