ሦስተኛዋ እንቁላል

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 24 ቀን

ለምወድሽ እኅት ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደኅና ነኝ። ከእናቴ ቀብር ወዲህ የጻፍሽልኝ ሦስት ደብዳቤዎች መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፤ ሦስቱንም ደጋግሜ አንብቤአቸዋለሁ። መልስ ልጽፍ በተቀመጥሁ ቁጥር ግን ገና ከሰላምታው ሳላልፍ እናቴ ትመጣብኝና እስክሪብቶውን አስቀምጬ እነሣለሁ። እንዲህ እንዲህ ሲል ሁለት ዓመት አለፈ። ይቅር በይኝ። አንቺ ምንም አላጎደልሽብኝም።

ዛሬ ያስጻፈኝ ወፍ ነው።

በግቢያችን ጥግ ያለውን ግራር አትረሺውም። ዘንድሮ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ቢጫዎቹ ሸማኔ ወፎች ሰፍረውበታል፤ ትናንት ጠዋት ስቆጥር 41 ጎጆ ተንጠልጥሎ ነበር። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ስለተዘጋ እኔም ከበረንዳው አልተነሣሁም ማለት ይቻላል፤ ቡናዬም ምሳዬም እዚያው ነው። ልጆች ሳለን ጫጫታ ብቻ ይመስለን የነበረው ለካ ሙግት ኖሯል! ይህ ቅርንጫፍ የማን ነው፣ ያ ክር የማን ነው፣ ይህቺ ሴት ከማን ጎጆ ትገባለች የሚል የማያባራ ሙግት።

ሠሪው ወንዱ ነው፤ ያ ራሱ ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ የሆነው። መንገድ ዳር ወዳለው ዘንባባ ይሄድና የቅጠሉን ጠርዝ በመንቆሩ ነከስ አድርጎ ወደ ፊት ሲበር ቅጠሉ ተተርትሮ ረጅም ክር ሆኖ ይወጣለታል። መጀመሪያ ቀንበጥ ላይ ቀለበት ያበጃል። ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ከዚያች ቀለበት ላይ ነው፤ እግሮቹን እዚያ ተክሎ፣ መንቆሩ እስከሚደርስበት ድረስ በፊቱም በአናቱም እየሸመነ ጎጆውን በገዛ አካሉ ልክ ይጨርሰዋል። መግቢያው ከሥር ነው።

ለበረንዳው በሚቀርበው ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ወንዶች ጎን ለጎን ሠርተዋል። አንደኛው ጎልማሳ ነው፤ ሽመናው ጥብቅ፣ ጎጆው ድቡልቡል። ሁለተኛው ከጭራው አንድ ላባ የጎደለው ጀማሪ ነው፤ ሥራው የላላ፣ የክሩ ጫፍ በየቦታው የተንዘረፈፈ። ጀማሪው ክር ፍለጋ ሲሄድ ጎልማሳው ጠጋ ብሎ ከጎረቤቱ ጎጆ አረንጓዴ አረንጓዴውን እየመዘዘ ለራሱ ይሸምነዋል። በዓይኔ አይቻለሁ! አንድ ቀን ባለቤቱ ሳይታሰብ ተመልሶ እጅ ከፍንጅ ያዘው። በጥፍር ተያያዙ፤ እየተሽከረከሩ ወርደው በረንዳው ሥር ጭቃው ላይ ዘጭ አሉ፤ እዚያም አልተላቀቁም። ሲለያዩ የጀማሪው ደረት ጭቃ በጭቃ ነበር። ክንፉን ሁለት ጊዜ አራግፎ በቀጥታ ወደ ዘንባባው በረረ።

ሴት ስትመጣ ጠቡ መልኩን ይለውጣል። ያቺ ደብዘዝ ያለች አረንጓዴማ ወፍ ገና ብቅ ስትል ወንዶቹ ሁሉ በየጎጆአቸው መግቢያ ሥር ተዘቅዝቀው ክንፋቸውን ያርገበግባሉ፤ የክንፉ የውስጥ ቢጫ ሲብለጨለጭ ግራሩ በሙሉ የሚነድ ይመስላል። ከአንዱ ትገባለች፤ ከውስጥ ሆና ክሩን እየጎተተች ትፈትሻለች። የምትመርጠው ትኩስ አረንጓዴ የሆነውን ነው፤ የጠወለገ ጎጆ አትቀበልም። ወንዱ ተቀባይ ካጣ ክር በክር ፈቶ ያፈርሰውና በቦታው እንደ አዲስ ይጀምራል። ጭራ ጎደሎው ከሐምሌ ወዲህ አራት ጊዜ አፈረሰ። አምስተኛውን ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ሴት ተቀበለችው፤ የሣር ዛላና ላባ እያመላለሰች ውስጡን ስታለሰልስ ዋለች። እልል ማለት አማረኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ለሰው ልንገር ያሰኘኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ያ ሰውም አንቺ ነሽ።

ሙግታቸውን ትተው በአንድነት የሚነሡበት ደግሞ አለ። የሚነሡበት ጠላታቸው ጀርባው የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ሆዱ ነጭ የሆነ ሌላ ወፍ ነው፤ ዲዴሪክ ኩኩ ይባላል። ስሙም ከጩኸቱ የተወሰደ ነው። ሴቷ ኩኩ የራሷ ጎጆ የላትም፤ አሳቻ ሰዓት ጠብቃ ከሸማኔዋ ጎጆ ገብታ እንቁላሏን ጥላ ትወጣለች። ከዚያች እንቁላል የሚፈለፈለው ጫጩት ዓይኑን ሳይገልጥ የሸማኔዋን እንቁላሎች በጀርባው እየገፋ ያስወጣል። ስለዚህ ኩኩዋ በታየች ቁጥር ያ ጎልማሳና ያ ጀማሪ ጎን ለጎን ሆነው ሲያሳድዷት ታያለሽ።

የሸማኔዋ እንቁላል ከአንዷ እናት ወደ ሌላዋ ይለያያል፤ የአንዷ ነጭ ነው፣ የአንዷ ውኃ ሰማያዊ፣ የሌላዋ ነጠብጣብ ያለበት። አንዲት እናት ግን ዕድሜዋን ሙሉ የምትጥለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። የራሷን ለይታ የምታውቀው፣ ባዕዱንም የምታስወጣው በዚህ ነው። ኩኩ ወደሌለበት ወደ ሞሪሸስ ደሴት ሰዎች የወሰዷቸው ዘመዶቿ ከመቶ ዓመት በላይ ሲቆዩ ይህ ልዩነታቸው እየጠበበ ሄዷል፤ እዚያ የሚጠነቀቁለት ሌባ የለማ።

ሐሙስ ዕለት አንዷ ከጎጆዋ እንቁላል በመንቆሯ አውጥታ ስትጥል አየሁ። ወርጄ ቅርፊቱን አነሣሁት፤ ቡናማ ነጠብጣብ አለበት። እጄ ላይ ይዤው ቆሜ ቀረሁ።

አራተኛ ክፍል ሳለን እኔ በወንጭፍ ያወረድሁትን ጎጆ አስታወስሽው? ረጅሙ ሣር ላይ ስላረፈ አንድም አልተሰበረም ነበር። ሦስት እንቁላል፤ ሁለቱ ምንም የሌለባቸው፣ ሦስተኛዋ ባለ ነጠብጣብ። አንቺ «ይቺ የእነዚህ እኅት አይደለችም፤ ሌላ እናት ናት የጣለቻት» አልሽ። እኔ ሳቅሁብሽ፤ አንቺም አለቀስሽ፤ ሦስት ቀን ተኳረፍን። እናቴ ልታስታርቀን ተቀምጣ «ይህን የምታውቀው ወፏ ናት፤ ጎጆዋን ባታፈርሱባት ኖሮ እሷው ትለይላችሁ ነበር» ያለችን አሁንም በጆሮዬ አለ።

አንቺ ልክ ነበርሽ፤ ያቺ እንቁላል የሌላ ናት። ይህን ሳልነግርሽ ሌላ ክረምት እንዲያልፍ አልፈለግሁም።

ከቻልሽ ለመስቀል ነይ፤ የእናቴ አልጋ እንደተነጠፈ ነው። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ጻፊልኝ፦ ሁለቱ እንቁላሎች ነጭ ነበሩ ወይስ ውኃ ሰማያዊ? እኔ ነጠብጣቧን ብቻ ነው የማስታውሰው።

እኅትሽ