ስለ ጠየቅኸኝ ወንበር

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለፈው በስልክ ከፍ ያለ ወንበር እንድገዛልህ ጠይቀኸኝ ነበር። እሺ ብዬ ዘጋሁት። እስከ ዛሬ ግን አልገዛሁም። ረስቼው አይደለም፤ የከነከነኝ ነገር አለ። በስልክ ላነሳው ስሞክር ወሬ ትቀይርብኛለህ። ስለዚህ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ። ብትቆጣም እስከ መጨረሻው አንብበው።

ባለፈው ስመጣ ከወንበር ስትነሳ አይቼሃለሁ። ያላየሁ መስዬ ስልኬን እነካካ ነበር እንጂ አይቼሃለሁ። መጀመሪያ ሁለት እጅህን መደገፊያው ላይ አደረግክ። ወደ ፊት ተወዘወዝክ፣ አልሆነም። ደግመህ ሞከርክ። በሦስተኛው ክንድህ እየተንቀጠቀጠ ተነሳህና "መስኮቱን ልክፈት ብዬ ነው" አልከኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ሱሪህንም አየሁት። ወገቡ ልክህ ነው፤ ጭኑ ላይ ግን ጨርቁ ተንጠልጥሏል። ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ለማውረድም እኔን ነው የጠራኸኝ። ድሮ እዚያ መደርደሪያ ላይ እኔን ራሴን ታስቀምጠኝ ነበር።

"እርጅና ነው፣ ልጄ" ትለኛለህ። እርጅና ድርሻ የለውም አልልህም። ሰው 30 ካለፈ በኋላ ጡንቻው በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከ60 በኋላ ደግሞ ይብሳል። ግን ታላቅ ወንድምህ በ4 ዓመት ይበልጥሃል። ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ ሲይዝ አላየሁትም። በእናንተ መሃል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቀዋለን። መጠጡ ነው፣ አባዬ።

እኔም ብሆን መጠጥ የሚጎዳው ጉበትን ነው ብዬ ነበር የማስበው። የጉበት ምርመራህ ደህና ነው ሲሉህ አብሬህ እፎይ ያልኩት ለዚያ ነው። ለካ ጡንቻ ሌላ ጉዳይ ነው። ለብዙ ዓመት አብዝተው ከጠጡ ሰዎች ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ጡንቻቸው ተጎድቶ ይገኛል። ጉበቱ ደህና የሆነውም፣ በደንብ የሚበላውም አይቀርለትም። ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ሰውዬው አይነቃም። የጡንቻን ጉዳት ያሳያል የሚባለው የደም ምርመራ እንኳ ደህና ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ "ምርመራዬ ንጹህ ነው" የሚለው ነገር እዚህ ላይ ብዙም አይሠራም።

እንዴት እንደሚሆን ላስረዳህ፤ አንተ መቼም የነገሩን አሠራር ካላወቅህ አታምንም። ጡንቻ እንደተሠራ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ፕሮቲኑ በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑ ደግሞ በአዲስ ይተካል። አልኮልና ሰውነት አልኮልን ሲፈጭ የሚያወጣው አሴታልዲሃይድ የሚባለው መርዝ ያንን የመተካት ሥራ ያዘገዩታል። አፍራሹ ሥራ ላይ ነው፣ ግንበኛው ግን እየቀረ ነው። አንድ ቀን ቢቀር ማንም አያስተውልም። አንተ ጋ ግን ከ20 ዓመት በላይ ቀርቷል።

በጣም የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የጡንቻ ክር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀስ ብለው ለረጅም ሰዓት የሚሠሩ አሉ፣ በቅጽበት ጉልበት የሚሰጡ ፈጣኖችም አሉ። መጠጥ አብልጦ የሚያሟሽሸው ፈጣኖቹን ነው፤ በተለይ የዳሌን፣ የጭንንና የትከሻን። "ይኸው ሩቅ እሄድ የለም እንዴ!" እያልክ የምትከራከረኝ እውነትህን ነው፣ በእግር ትሄዳለህ። ከወንበር መነሳት ግን የፈጣኖቹ ሥራ ነው። ሰው ሲደናቀፍ ቶሎ እግሩን አስቀድሞ ራሱን የሚያድነውም በነሱ ነው። መታጠቢያ ቤት የወደቅክ ቀን ወለሉ እርጥብ ነበር አልከን። እርጥብ ነበር፣ አዎ። እኔም እኮ ከአንተ በፊት እዚያው ላይ አዳልጦኝ ነበር፤ እኔ ግን ቆምኩ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያበሳጨኝ የራሴ ነገር ነው። በመጣሁ ቁጥር ጠርሙስ በስጦታ ወረቀት ጠቅልዬ የማመጣልህ እኔ ነኝ። ደስ ሲልህ ማየት ስለምወድ ነው። ከእንግዲህ አላመጣም፣ እንዳትቀየመኝ።

አሁን ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብበህ በእልህ ዛሬውኑ እርግፍ አድርጌ ተውኩ እንዳትለኝ። አውቅሃለሁ፣ ታደርገዋለህ። እንደ አንተ በየቀኑ ለዓመታት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም አደጋ አለው። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ግራ መጋባት፣ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥም ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ናቸው ክፉዎቹ። ሰው ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ሐኪም እያየህ ነው የምታቆመው። የቫይታሚን ቢ1 እና የሌሎች ንጥረ ነገሮች እጥረትም ካለ አብሮ ይታይልሃል። ስንት ትጠጣለህ ሲሉህ ደግሞ፣ በናትህ፣ አታሳንስ።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ለወቀሳ ቢሆን ኖሮ አልደክምም ነበር። ይኼ ጡንቻ ይመለሳል። ሲያቆሙ በወራት ውስጥ ለውጥ መታየት ይጀምራል፣ በዓመት ውስጥ ብዙዎቹ በደንብ ይሻላቸዋል። ሁሉም ሙሉ በሙሉ አይመለስ ይሆናል። ጨርሰው ባይተዉም መጠጡን በጣም የቀነሱ ሰዎችም ጉልበታቸው ተሻሽሏል። ጉበት ጠባሳ ይዞ ከደረቀ በኋላ እንዲህ በቀላሉ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ጡንቻ ግን ይቅር ባይ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ቀጠሮ ይዣለሁ፣ አብረን እንሄዳለን። ከመሄዳችን በፊት ቤት ውስጥ አንድ ነገር እንሞክራለን፤ ሐኪሞችም ያደርጉታል። እጅህን ደረትህ ላይ አጣምረህ ከወንበር 5 ጊዜ ትነሳለህ፣ ትቀመጣለህ። እኔ ሰዓት እይዛለሁ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ እግር ደክሟል ማለት ነው። አንድም ጊዜ መነሳት ቢያቅትህ አልስቅም። ቁጥሩን ጽፈን እናስቀምጥና በየወሩ እንደግመዋለን።

ወንበሩን ከፈለግህ እገዛልሃለሁ፣ አልሰሰትኩም። ግን ለ6 ወር በዝቅተኛው እንታገል።

ልጅህ