ጣሳውን ገልብጣችሁ አንብቡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በፒያሳና በአራት ኪሎ ሱፐርማርኬቶች በጣሳ የታሸገ የውሻ ምግብ መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል። አሁን ደግሞ «እህል አልባ» የሚል የተጻፈበት መጥቶ ከሌላው በእጥፍ ዋጋ ይሸጣል። ሻጩ ወጣት «እናቴ፣ እህል ለውሻ መርዝ ነው፤ ይህ ንጹሕ ሥጋ ነው» አለኝ። ጡረታ እስክወጣ በላቦራቶሪ የሠራሁ ሴት ነኝና ጀርባውን ሳላነብ ምንም አልገዛም። መነጽሬን አድርጌ ጣሳውን ገለበጥኩት፦ ዶሮ፣ የአተር ዱቄት፣ ምስር፣ ድንች። ለካስ ሽሮና ምስር በውጭ ምንዛሪ እየተገዛልን ነው!

እህል ለውሻ መርዝ አይደለም። ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ በእህል ውስጥ የሚገኘውን ስታርች የመፍጨት ችሎታው ከተኩላ እንደሚበልጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የዘረመል ጥናት አሳይቷል። ምግብ የማይስማማው ውሻ ቢኖርም ብዙ ጊዜ ጥፋተኞቹ የበሬ ሥጋ፣ ወተትና ዶሮ ናቸው፤ ስንዴ ከእነርሱ በኋላ ይመጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርማ እ.ኤ.አ. በ2018 አተርና ምስር የበዛባቸው እህል አልባ ምግቦች ከውሾች የልብ መስፋት ሕመም ጋር ይያያዙ እንደሆነ መመርመር ጀምሮ ነበር። በ2022 መጨረሻ ላይ የደረሱት ሪፖርቶች ብቻቸውን ምክንያቱን ለማረጋገጥ እንደማይበቁ አስታወቀ። ስለዚህ ማንንም አላስፈራራም፤ እጥፍ ዋጋ የሚያስከፍል ምክንያት ግን አላየሁም።

መታየት ያለበት ሌላ ነው። ምግቡ «የተሟላ» ነው ወይስ «ማሟያ»? ማሟያ ከሆነ ውሻው በእሱ ብቻ ሊኖር አይችልም። ለቡችላ ነው ወይስ ላደገ ውሻ? ከዚያ ፕሮቲኑ። ጣሳው ላይ 8 በመቶ፣ ደረቁ ምግብ ላይ 24 በመቶ ስላያችሁ ጣሳውን አትናቁት። ከጣሳው 75 በመቶው ውኃ ከሆነ፣ ከቀሪው 25 ውስጥ 8ቱ ፕሮቲን ነው፤ ይህም 32 በመቶ ይሆናል። ደረቁ 10 በመቶ ውኃ ካለው በዚሁ ስሌት ፕሮቲኑ 27 በመቶ ያህል ነው።

የእኔ ቡቺ አርጅቶ ጥርሱ ስላለቀ እርጥብ ምግብ ይስማማዋል። በሁዳዴ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ሳንባ ከየት ይመጣል? ጎረቤቶቼ ወጥ የነካው እንጀራ ይሰጣሉ፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት እንደሚያፈርስ ብነግራቸውም ይስቁብኛል። (የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቁ ብያቸዋለሁ።) እኔ ሩዝ ያለበትን፣ «የተሟላ» የሚለውን ርካሹን ጣሳ ገዛሁ፤ ቡቺም ጨርሶ ሳህኑን ላሰ።

አስመጪዎች ሆይ፣ በጣሳው ጀርባ ላይ በአማርኛ አንዲት ወረቀት ለጥፉልን፦ የተሟላ ወይስ ማሟያ፣ ለየትኛው ዕድሜ፣ በቀን ስንት ግራም። ሻጮቻችሁም ያንኑ ያንብቡልን።

አንዲት አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ